«ሥጋት ተጋሪ ካፒታል»፦ ስለ አንድ ገንዘብ ነክ ቃል አሰያየም

በቅርቡ ለእርማት በቀረበልን አንድ የውል ትርጉም ረቂቅ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ «ቬንቸር ካፒታል» የሚባለው ቃል «የረጅም ጊዜ ብድር» ተብሎ ተተርጉሞ አገኘነው። ውሉ አዲስ የሕክምና መሣሪያ ሠርቶ ለማውጣት በተቋቋመ ጀማሪ ኩባንያና ገንዘብ በሚያቀርቡለት ወገኖች መካከል የሚፈረም ነበር። ትርጉሙ እንደተጻፈ ቢጸድቅ ኖሮ፣ የመሣሪያው ፈጣሪ ሥራው ባይሳካ ባለዕዳ የሚሆን ይመስለው ነበር፤ ይባስ ብሎም የኩባንያው ባለቤትነት በከፊል ወደ ሌላ እጅ መተላለፉን ሳይረዳ ፊርማውን ያኖር ነበር። ስለዚህም ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም።

ጽንሰ ሐሳቡን በአንድ ታሪክ ማስረዳት ይቀላል (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተባለው ሐኪም ዙሪክ ውስጥ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለበትን ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ልብን የሚመግብ የጠበበ የደም ሥር አሰፋ። በተከታዩ ዓመት ጆን ሲምፕሰን የተባለ የልብ ሐኪም በካሊፎርኒያ፣ በሚመራ ሽቦ ላይ የሚሄድ የተሻለ ቱቦ ለመሥራት አድቫንስድ ካርዲዮቫስኩላር ሲስተምስ የተባለውን ኩባንያ ከሌሎች ጋር መሠረተ። እንዲህ ላለው ጀማሪ ባንክ በቀላሉ አያበድርም፤ በመያዣነት የሚቀርብ ሕንፃም ሆነ የተረጋገጠ ገበያ የለውምና። በዚያ ላይ የአሜሪካ ሕግ በ1976 ተሻሽሎ፣ ለሕይወት እጅግ አሥጊ የሆኑ አዳዲስ መሣሪያዎች ደኅንነታቸውና ፈዋሽነታቸው ሳይረጋገጥ እንዳይሸጡ ደንግጎ ነበር። ከቤተ ሙከራ ወደ እንስሳት፣ ከእንስሳት ወደ ሰው፣ ከዚያም ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚወስደው መንገድ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወጪ እንጂ ገቢ የለም። ገንዘብ የሚያስገባው ሰው የሚቀበለው አክሲዮን እንጂ የመክፈያ ቀን የተጻፈበት ሰነድ አይደለም። ኩባንያው በ1984 ለኢላይ ሊሊ ተሸጠ፤ የባለአክሲዮን ትርፍ የሚመጣው ከእንዲህ ያለው ሽያጭ ነው። ባይሳካ ግን ከፈጣሪው የሚጠየቅ አንዳች ነገር አይኖርም።

ሐሳቡ ለገበሬያችን እንግዳ አይደለም። መሬቱን የእኩል የሰጠ ሰው ዝናም በቀረ ጊዜ ከአራሹ ጋር አብሮ ይጎዳል እንጂ ምርቱን እንደ ዕዳ አይጠይቅም። እንግዳው ስሙ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች በሁለት መንገድ ሄደዋል። ፈረንሳይኛ «ካፒታል ሪስክ» ብሎ አደጋውን ሲያጎላ፣ የጀርመንኛው «ቫግኒስካፒታል» እና በሳዑዲ ዐረቢያ የተለመደው «ጀሪእ» የሚለው ቅጽል ድፍረትን ያጎላሉ። ሁለተኛው መንገድ ለአማርኛ አይመችም። «ጀብዱ» የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ «ደፈረ» ደግሞ ሴትን ከመድፈር ጋር ስለሚያያዝ በውል ላይ ሊጻፍ አይገባም። «የሥጋት ካፒታል» ይሻላል፤ ሆኖም «የ» የምትለዋ ፊደል ሁለት ትርጉም ታስተናግዳለች። «የሥጋት አስተዳደር» ማለትን የለመደ የባንክ ሠራተኛ፣ «የሥጋት ካፒታል» ሲል ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ «ሥጋት ተጋሪ ካፒታል» የሚለውን እናቀርባለን። «ተጋሪ» የሚለው ቃል አቅራቢው በኪሳራውም በትርፉም ገብ መሆኑን ይናገራል፤ ከ«አበዳሪ»ም በግልጽ ይለያል። በጋዜጦች የተለመደውን «ቬንቸር ካፒታል» መንቀፍ አንሻም፤ በውል ጽሑፍ ላይ ግን ትርጓሜ ሳይከተለው ብቻውን መቆሙን አንደግፍም።

ከዚሁ ጋር የሚመጡ ሁለት ቃላት ጥንቃቄ ይሻሉ። በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያው ገንዘብ የሚነገረው የ«ዘር» ምሳሌ ቃል በቃል ከተወሰደ «የዘር ካፒታል» ይሆናል፤ ይህን አንባቢያችን ከእርሻ ይልቅ ከትውልድና ከጎሣ ጋር እንደሚያያይዘው ጥርጥር የለንም። «የመነሻ ገንዘብ» ይበቃል። እንዲሁም አቅራቢው ድርሻውን ሸጦ ገንዘቡን የሚያገኝበት አሠራር በደፈናው «መውጣት» ሲባል ሥራውን ጥሎ መሄድ ይመስላል፤ «ድርሻ ሽጦ መውጣት» ቢባል ሐሳቡ ይሟላል። «የሕክምና መሣሪያ» የሚለው ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ውስጥ የገባ በመሆኑ፣ «መሣሪያ» ብቻውን ሲቆም ጠመንጃን ቢያስታውስም ልንነካው አንሻም።