የሩቁን ድምፅ በብዙ ጆሮ ስለ መለየት

በሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት በደቡብ ኤርትራ የሚገኘው ናብሮ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱም ወሰን ተሻግሮ በአፋር ምድር ላይ ወደቀ፤ ብዙ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ይህን ፍንዳታ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅቡቲ ምድር የተተከለው የድምፅ መቀበያ ጣቢያ መዝግቦታል።

ጣቢያው የአቶም ቦምብ ሙከራ መደረጉን ለመከታተል በዓለም ዙሪያ ከተዘረጉት አንዱ ነው። የሚያዳምጠውም በሴኮንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ነው።

የዚህ ሥራ ዋና እንቅፋት ነፋስ ነው። በጅቡቲ ከተማ በሆዳን ሰፈር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኀምሲን የሚባለው ነፋስ ሲበረታ፣ በቅርብ የሚጣራ ሰው ድምፅ እንኳ ይጠፋል። እንደዚሁም አንድ መቀበያ ብቻውን የነፋሱን ሁካታ ከሩቁ ፍንዳታ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ በየጣቢያው ቢያንስ 4 መቀበያዎች ተራርቀው ይተከላሉ። ከሩቅ የመጣው ድምፅ ሁሉንም በተራ ይደርሳቸዋል፤ ነፋሱ ግን በእያንዳንዱ ላይ ለየብቻው ያጉረመርማል። ባለሙያዎች የመዘግየቱን ልክ አስልተው መዝገቦቹን ካስተካከሉ በኋላ ይደምሯቸዋል። በዚህም ጊዜ እውነተኛው ድምፅ 4 እጥፍ ሲያድግ፣ ሥርዓት የሌለው ሁካታ የሚያድገው 2 እጥፍ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጥራቱ 2 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መቀበያዎቹ 16 ቢሆኑ ጥራቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ከመዘግየቱም ልክ ድምፁ የመጣበት አቅጣጫ ይታወቃል።

ይኸው ዘዴ በሕክምና ምርምርም ይሠራበታል። አጭር የሌዘር ብርሃን በሥጋ ላይ ሲያርፍ ደም ብርሃኑን መጥጦ በጥቂቱ ይሞቃል፤ በሙቀቱም ተለጥጦ ደካማ ድምፅ ይሰጣል። ብርሃን ድምፅን እንደሚያስገኝ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1880 እ.ኤ.አ. ገልጦ ነበር። ዛሬ ብዙ መቀበያዎች አካሉን ከበው ይህን ድምፅ ሲሰበስቡ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያለው የደም ሥሮች ሥዕል ይወጣል። መቀበያዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ቢደረደሩ ግን፣ ቁጥራቸው ቢበዛም እንኳ ሥዕሉ ጎደሎ ይሆናል።

ለከብት አርቢው ጥቅሙ ግልጽ ነው። አመድ የወደቀበትን ሣር የበላ ከብት በአመዱ ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ሊመረዝ ይችላል። ድምፅ 260 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ በነፋስ የሚነዳው አመድ ግን ብዙ ሰዓት ይወስድበታል። በዚህ መካከል የውሃ ጕድጓድን ለመክደን፣ መንጋንም አመዱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ ለማራቅ ጊዜ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ግን ጣቢያው የሰማው ነገር ሳይዘገይ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳውም ወደ አርቢው ሲደርስ ነው።