በበረዶ ተራራ ውስጥ ያለ የዘር ጎታ

በታኅሣሥ በጎጃሟ ደብረ ወርቅ የሌሊቱ ውርጭ ከባድ ቢሆንም ረፋዱን ፀሐይ ወጥታ ታሟሙቀዋለች። በዚያው ወር ከኖርዌይ በስተሰሜን ርቆ በሚገኙት የስቫልባርድ ደሴቶች ግን ፀሐይ ከነጭራሹ አትወጣም። የደሴቶቹ ዋና ከተማ ሎንግየርብየን በሰሜን 78 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትታይም። ከከተማዋ ክልል የሚወጣ ሰው ከነጭ ድብ የሚከላከልበትን ነገር ይዞ መሄድ አለበት።

ይህን ሁሉ ብርድና ጨለማ ችሎ የሚሄድ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያው ከፍ ብሎ፣ ከተራራው ጎን የወጣ ቀጭን የኮንክሪት በር ያያል። ይህ የስቫልባርድ ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ነው። የተመረቀው የካቲት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

ከበሩ ጀምሮ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ተራራው ሆድ የሚዘልቅ ዋሻ አለ። ዘሩ የሚቀመጠው በዋሻው መጨረሻ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ሲሆን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። በደንብ ደርቆ በታሸገ ከረጢት የገባ ዘር እንዲህ ባለ ብርድ ለረጅም ዓመታት የመብቀል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ተራራው ራሱ ዓመቱን ሙሉ የበረደ ስለሆነ ዘሩ ቶሎ አይሞቅም። ዛሬ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የዘር ናሙናዎች በውስጡ አሉ። ሁሉም በየአገሩ ላለው ዘር መጠባበቂያ ናቸው፤ ሣጥኑንም ከላከው ባለቤት በቀር ማንም አይከፍተውም።

ጥቅሙ በሶርያ ጦርነት ታየ። መቀመጫውን አሌፖ አድርጎ የነበረው የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማእከል ከዘር ባንኩ ሲፈናቀል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ያስቀመጠውን አስወጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ ዘራ፤ አባዝቶም መልሶ አስገባ። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የዘር ባንክም የመኖ ዘሮቹን ቅጂ ወደዚያ ይልካል።

ይህ ጉዳይ የጎጃምን ገበሬ በቀጥታ ይመለከታል። ገብስን የሚያቀጭጨውን ቢጫ ድንክ ቫይረስ አሜሪካ ውስጥ ለመቋቋም ያስቻለው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ገብስ በየዓመቱ እየመረጡ ያቆዩት የደጋ ገበሬዎች ናቸው።

በበረዶ ያደረ ዘር እንደገባ ይቆያል፤ ማሳ ላይ ያለው ግን ከአዲስ በሽታና ከአዲስ የአየር ጠባይ ጋር እየታገለ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 ‹ራይት ላይቭሊሁድ› ሽልማትን የተቀበሉት የዘር ሳይንቲስት ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘር ከባንክ ባሻገር በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ የደከሙት ለዚህ ነው። የስቫልባርዱ በር የመጨረሻው መጠባበቂያ ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ ግን የአገሩን ዘር ለይቶ የሚያስቀምጠው ገበሬ ስለሆነ፣ ከዘሩ የሚገኘው ጥቅም ለእርሱም ሊደርሰው ይገባል።