በፕሮጀክተሩ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ

በጎንደርም ሆነ በደባርቅ፣ በብዙ የመማሪያ ክፍሎችና የስብሰባ አዳራሾች ፕሮጀክተር የሚያውቀው ከላፕቶፕ የሚመጣውን ገመድ ብቻ ነው። የቀረውን ሰው ይሠራዋል። አንዱ ስክሪኑን ይዘረጋል፣ ሌላው መብራት ያጠፋል፣ ሪሞቱ ከታጣ ደግሞ ሶኬቱ ይነቀላል። ዕቃውን ያለ ዕድሜው የሚገድለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ብዙ የአዳራሽ ፕሮጀክተሮች ከጀርባቸው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ትሪገር ትባላለች። ፕሮጀክተሩ ሲበራ 12 ቮልት ትሰጣለች፣ ሲጠፋ ታቋርጣለች። ይህ ትንሽ ኃይል ሪሌ ይስባል፤ ሪሌው በተራው የ220 ቮልቱን መስመር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በዚህ መንገድ ባለሞተሩ ስክሪን ይወርዳል፣ ከስክሪኑ ፊት ያሉት አምፖሎች ይጠፋሉ። ሞተሩን በቀጥታ ከቀዳዳዋ ጋር ማገናኘት ግን አይሞከርም፤ አቅሟ ሪሌ ከመሳብ አያልፍም።

ትሪገር ትናገራለች እንጂ አትሰማም። መስማትም መመለስም የሚችለው ባለ 9 እግሩ የአርኤስ-232 መሰኪያ ነው። ግድግዳ ላይ ያለ መቆጣጠሪያ በእሱ በኩል «ብራ» ይላል፣ «በርተሃል? አምፖልህ ስንት ሰዓት ሠራ?» ብሎም ይጠይቃል። የኔትወርክ መሰኪያ ላላቸው ደግሞ የጃፓን አምራቾች ፒጄሊንክ የተባለ የጋራ ቋንቋ አውጥተዋል፤ ኤፕሰን፣ ፓናሶኒክና ሶኒ ይጠቀሙበታል። እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶቹ ማራኪና ቴዎድሮስ እያሉ ለተራራቁ ተቋማት ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ ቴክኒሻን ቢሮው ተቀምጦ የትኛው ክፍል ሳይጠፋ እንዳደረ ማየት ይችላል።

በእኛ ደጋ ይህ ሁሉ ከምቾት በላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፣ ደባርቅ 2,800 ይደርሳል። አየሩ በጎንደር በአንድ አምስተኛ፣ በደባርቅ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ የከፍታ ማስተካከያው ከሜኑ እንዲበራ ያዝዛሉ፤ ማራገቢያው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይጨምራል። ድምፁን ጠልቶ ማስተካከያውን ማጥፋት አይገባም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ሲወጣ ደግሞ ብዙዎቹ የተሠሩለት የ3,000 ሜትር ወሰን ራሱ ይታለፋል።

ስለዚህ የፕሮጀክተሩን የራሱን ኃይል በሪሌ መቁረጥ ክልክል መሆን አለበት። ባለ አምፖሉ ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ሙቀቱን አውጥቶ እስኪጨርስ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የማጥፊያው ትእዛዝ፣ ከዚያ ማራገቢያው ዝም ሲል ዋናው መስመር። መብራት በድንገት ሲሄድ ይህን ጊዜ የሚገዛለት አነስተኛ ዩፒኤስ ነው። ኃይል ሲመለስ ፕሮጀክተሩን በራሱ የሚያስነሳ ቅንብር በብዙዎቹ አለ፤ እሱም ይዘጋ፣ አለበለዚያ ሌሊት መብራት ሲመጣ ሰው በሌለበት ክፍል ሲነድ ያድራል።

አዳራሽ የምታሠሩ ወገኖች፣ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ከምስሉ ገመድ ጎን ለመቆጣጠሪያ ገመድ የሚሆን ቱቦ አስቀብሩ። ስትገዙም ከብርሃኑ መጠን እኩል ትሪገር፣ አርኤስ-232 እና ኔትወርክ እንዳለው ጠይቁ።