የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲያደነዝዝ ወይም ሽፍታ ሲያወጣ ምን ማድረግ ይገባል?

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ቅሬታ «ኪኒኑ አደነዘዘኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያስተኛኛል» የሚል ነው። ቅሬታው እውነት ነው። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ይህን ለጤና ባለሙያ ከመንገር ይልቅ ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ ማቆሙ ነው።

በካምፕ ክሊኒኮች በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፌኖባርቢታል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ ሕመም ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ ስለሚያመጣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ይወሰዳል። ድካሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፤ ሰውነት ሲለምደው ግን ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በቂ ሆኖ እስኪጠራቀምም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቢነሣ «አይሠራም» ብለው አይደምድሙ።

በልጆች ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። እንቅልፋም በመሆን ፈንታ ልጁ ይቅበጠበጣል፣ ይቆጣል፣ ትምህርት መከታተል ያቅተዋል። «ጠባዩ ተበላሸ» ብለው ከመቅጣትዎ በፊት ወደ ክሊኒክ ያምጡት፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል።

መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ለምን አደገኛ ነው? አንጎል መድኃኒቱን ስለለመደ፣ ድንገት ሲቋረጥበት ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። በሽተኛው ሳይነቃ አንዱ መንቀጥቀጥ በሌላው ላይ ሊደራረብበትና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት (ክብሪት ማሽተት የሚረዳው ነገር የለም፤ ጊዜ ያባክናል)። ጠበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው፤ ኪኒኑ ግን አብሮ ይቀጥል። ጾም ከሆነ የሚወሰድበትን ሰዓት ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት። ዘመድ ለመጠየቅ ሲሄዱ ወይም የሦስተኛ አገር ጉዞ ሲደርስዎ፣ ኪኒኑ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ አስቀድመው ያሳውቁ።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሽፍታ ነው። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ሰውነትዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይም ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዓይን መቅላት ወይም የቆዳ መላጥ ከታየ፣ የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይወስዱ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። «የሙቀት ሽፍታ ነው» ብለው አይቆዩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሲራመዱ የሚያንገዳግድ ከሆነ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም በሽተኛው ሲቀሰቀስ የማይነቃ ከሆነም በዚያው ቀን ይምጡ። የፌኒቶይን ተጠቃሚዎች ድድ ሊያብጥ ስለሚችል ጥርስን በየቀኑ ማጽዳት ይረዳል።

ለሴቶች፦ እነዚህ ሦስት መድኃኒቶች የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማሉ። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ይሠራል። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ መውለድ የምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ልትወስደው አይገባም። ካረገዙ ግን ማንኛውንም ኪኒን በራስዎ አያቁሙ፤ በዚያው ሳምንት ክሊኒክ ይምጡ። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ይንገሩን፤ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ ይነካካሉ።

በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለካት በካምፕ ክሊኒክ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። የእኛ መለኪያ ካርድዎና አብሮዎት የሚኖር ሰው ዓይን ነው። ሕመሙ የተነሣበትን ቀን፣ ያመለጠውን ኪኒንና አዲስ የታየውን ምልክት ይመዝግቡ። መጻፍ ካልቻሉ በካርዱ ላይ ጭረት ያድርጉ።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ «ኪኒንህን ትወስዳለህ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የቀረውን ኪኒን አብራችሁ ቁጠሩ። የት እንደሚቀመጥም እዩ፤ ብዙ ፌኖባርቢታል የዋጠ ሕፃን ትንፋሹ ሊቆም ስለሚችል፣ ኪኒኑ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሰቀል። በቀጠሮ ቀን ካርዱንና የቀረውን ኪኒን ከነመያዣው ይዘው እንዲመጡ አስታውሷቸው።