ተጨማሪ መረጃ፦ ፉርጎ፣ ትልቁና ትንሹ

በሐዋሳ አጠገብ ወዳለችው ቡሹሎ ባቡር አይደርስም። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሻንጣውን ለአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ያስረክባል። ሐዲድ ባለበት አገር ግን ይህን ሸክም የሚቀበል ራሱን የቻለ ሠረገላ ነበር።

ስሙ ደስ የሚል ታሪክ አለው። «ፉርጎ» እንደ «ለገሃር» ሁሉ ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል ነው። በፈረንሳይኛ «ፉርጎን» የሚሉት ሰው የሚሳፈርበትን ሳይሆን ሻንጣና ዕቃ የሚጫንበትን ዝግ ሠረገላ ነው፤ አማርኛ ግን ትርጉሙን አስፍቶ ባቡር የሚጎትተውን ሁሉ ፉርጎ አለው። ቃሉን ያመጣው ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር መስመር ነው።

የሻንጣ ፉርጎ በሰፊ ተንሸራታች በሩና በጥቂት መስኮቶቹ ይለያል። በእንፋሎት ዘመን በብዙ አገሮች ከባቡሩ ራስ ቀጥሎ ይቀጠል ነበር፤ ጭሱና ፍንጣሪው ከመንገደኛው እንዲርቅ።

ብዙ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ይህን ሁሉ 87 እጥፍ አሳንሰው ይሠራሉ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በሞዴል 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1.435 ሜትር ስለሆነ 16.5 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። 10 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 11.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከካርቶን ተቆርጦ በደብተር ላይ ይቆማል። መላው የጅቡቲ መስመር እንኳ በዚህ ስሌት 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ርዝመት ግማሹን ጥቂት ቢያልፍ ነው።