ስለ ፈጣን ነጂዎችና ስለ መንገድ ካሜራ



በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩት ወገኖቻችን ለዘመድ ጥየቃ ወደ አገራቸው በሚመጡበት ጊዜ፥ ስለ ኑሮውና ስለ ሥራው ከተጫወቱ በኋላ፥ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከአንድ ርእስ ላይ መውደቁ የተለመደ ሆኗል። ይኸውም በመንገድ ዳር ቆሞ የመኪናውን ፍጥነት እየለካ፥ ከተወሰነው አልፎ የተገኘውን ሁሉ ታርጋውን ፎቶግራፍ አንሥቶ የመቀጫ ደብዳቤ ወደ ባለመኪናው ቤት የሚያስልከው ካሜራ ነው። ከእነዚሁ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በታክሲ ነጂነት ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ስለ ሆኑ፥ መቀጫው ከልጅ ጉሮሮ የተነጠቀ ያህል ይሰማቸዋል። አንዱ «ይህ ሕግ ማስከበር ሳይሆን ግብር መሰብሰብ ነው» ሲል፥ ሌላው «ልጅህ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚሻገርበት መንገድ ቢሆን ምን ትል ነበር?» ብሎ ይመልስለታል። ክርክሩ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አያልቅም።

ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ልንተወው አይገባንም። በአዲስ አበባም የትራፊክ ፖሊሶች በእጅ የሚያዝ የፍጥነት መለኪያ ይዘው በመንገድ ላይ መቆም ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ስለዚህ በሌላው ዓለም ብዙ ዓመት የቆየውን ክርክር፥ የሁለቱንም ወገን ቃል እየሰማን፥ ጥቂት ልንመረምረው አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ፍጥነት ራሱ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። አንድ ነጂ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሕፃን ድንገት ከፊቱ ቢገባበት፥ ዓይኑ አይቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ መኪናው 14 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ከዚያም መንገዱ ደረቅ፥ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን፥ ፈጽሞ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሕፃኑ በ28 ሜትር ርቀት ላይ ቢገኝ መኪናው ከአጠገቡ ደርሶ ይቆማል፤ ሕፃኑም ደንግጦ ብቻ ይተርፋል። አሁን ደግሞ ሌላ ነጂ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ዓይነት ፍሬን፥ በ60 ኪሎ ሜትር ሲመጣ እናስብ። ይኸኛው በአንዲቱ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ፍሬን ይዞ የሚሄድበት ርቀት 11 ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ሒሳቡ ሲሠራ፥ ይህ ሁለተኛው መኪና ሕፃኑ ከቆመበት ሲደርስ ገና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ለተማሪዎቻችን ስናሳያቸው መጀመሪያ አያምኑንም፤ ትርፉ አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና፥ መኪናው በአሥር ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደርስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሚሄደው መኪና የተሸከመው ኃይል የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለ ሆነ፥ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ ብቻ ጨመርኩ» የሚለው ነጂ ይህችን ማባዛት የረሳ ሰው ነው።

የካሜራው አመጣጥ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ሞሪስ ጋትሶኒደስ የተባለው የሆላንድ ሰው በ1953 በሞንቴ ካርሎ በተደረገው የመኪና ውድድር አሸንፎ ስሙ የታወቀ ነጂ ነበር። ይህ ሰው መኪናውን በመታጠፊያ ላይ እንዴት አድርጎ የበለጠ ለማፍጠን እንደሚችል ለማወቅ ሲል ፍጥነት የሚለካበትን መሣሪያ ሠራ። በ1958 ኩባንያ አቋቁሞ መሣሪያውን ለገበያ አቀረበ፤ ከጊዜ በኋላም ፈጣን ነጂዎች የሚያዙበት ወጥመድ ሆነ። ለመፍጠን የተሠራው ነገር መፍጠንን ሊከለክል ተሠለፈ።

በእንግሊዝ አገር ፍጥነትን የሚይዘው ካሜራ በ1992 በምዕራብ ሎንዶን በትዊከናም ድልድይ ላይ ተተከለ። መጀመሪያ ነገሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጩኸቱ የበረታው ከ2000 እስከ 2007 ድረስ የካሜራው ወጪ ከመቀጫው ገንዘብ ላይ እንዲሸፈን መንግሥት በፈቀደ ጊዜ ነው። ሕዝቡም «ካሜራ የሚተክለው ሰው ደመወዙን ከጥፋታችን የሚያገኝ ከሆነ፥ ጥፋታችንን ሊጠላ እንዴት ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይመስለንም። መንግሥቱም ሰምቶት ይመስላል፥ በአንድ በኩል ካሜራዎቹ ከሩቅ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም እንዲቀቡ አዘዘ፤ በሌላ በኩል በ2007 ያንን የገንዘብ ሥርዓት ለወጠው። ዳሩ ግን የተቃራኒው ነገር ደግሞ በ2010 ታየ። የኦክስፎርድሺር አውራጃ ከመንግሥት ይሰጠው የነበረው የመንገድ ደኅንነት ገንዘብ ስለ ተቀነሰበት በነሐሴ ወር ካሜራዎቹን አጠፋቸው፤ ፖሊሶቹም የነጂዎች ፍጥነትና በመንገድ ላይ የሚደርሰው ብርቱ ጉዳት መጨመሩን ስለ ገለጡ፥ በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር እንደገና አበራቸው።

ተቃዋሚዎቹ ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሁሉ የተማረ ሰው ሊሰማው የሚገባው አንድ አለ። ይኸውም፥ ካሜራ የሚተከለው ብዙ አደጋ ከደረሰበት ቦታ ነው፤ በአንድ ቦታ በአንድ ዓመት ብዙ አደጋ ቢደርስ ግን በሚቀጥለው ዓመት፥ ምንም ባይደረግለት እንኳ፥ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው። እኛ መምህራን ይህን በክፍላችን እናውቀዋለን። በአንድ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ተማሪዎች ጠርተን ብንገሥጻቸው፥ በሚቀጥለው ፈተና የሚበዙት ይሻሻላሉ፤ እኛም ተግሣጻችን ሠራ ብለን ደስ ይለናል። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዚያ ቀን ታመው ወይም ሳይተኙ አድረው የወደቁ ስለ ነበሩ፥ ባንገሥጻቸውም ይሻሻሉ ነበር። ሊቃውንቱም ይህን ሳይዘነጉ ቆጥረዋል። ኮክሬን የተባለው የምርምር ማኅበር በ2010 ሠላሳ አምስት ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፥ የጥናቶቹ ጥራት እኩል አለመሆኑን ገልጦ፥ ካሜራ ባለባቸው ቦታዎች ሞትና ከባድ ጉዳት የሚያደርሱት ግጭቶች ከ11 እስከ 44 በመቶ መቀነሳቸውን ጽፏል። ከፍተኛውን ትተን ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ፥ ከመቶ አሥራ አንድ ማለት በአንድ ሰበካ ውስጥ የስንት ቤት ለቅሶ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስበው።

ፈረንሳዮች ካሜራውን በመላ አገራቸው መትከል የጀመሩት በ2003 ነው። በ2002 በመንገዶቻቸው ላይ ከ7,600 የሚበልጡ ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ2010 ግን የሙታኑ ቁጥር ከ4,000 በታች ወረደ። ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ስለ ተደረገ ይህ ሁሉ የካሜራው ሥራ ነው አንልም። ሆኖም በ2018 በሐምሌ ወር በገጠር መንገዶች የተፈቀደው ፍጥነት ከ90 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በተቀነሰ ጊዜ የገጠሩ ሕዝብ አጉረመረመ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ቢጫ ሰደርያ ለባሾቹ ስለ ነዳጅ ግብር ሲነሡ ቁጣቸው ወደ ካሜራዎቹም ዞረ። አንዳንዱን ቀለም ቀቡት፥ አንዳንዱን በጨርቅ ሸፈኑት፥ አንዳንዱንም አቃጠሉት። በ2019 በጥር ወር የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ከካሜራዎቹ 60 በመቶ ያህል መጐዳታቸውን ተናገሩ። ሕዝቡ ያቃጠለው የፍጥነት ሕግን ጠልቶ ብቻ አይደለም፤ ኑሮ የከበደበት ሰው ገንዘብ ከሚጠይቁት ነገሮች መካከል በመንገድ ዳር ያለ ጠባቂ ያገኘው ይህን ሣጥን ስለ ሆነ ነው።

ወደ ዋሽንግተኑ ነገር እንመለስ። በዚያች ከተማ የፍጥነት ካሜራ ሥራ የጀመረው በ2001 ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት ከ11 እስከ 15 ማይል አልፎ የተገኘ መኪና አንድ መቶ ዶላር ይቀጣል፤ በተወሰነው ቀን ካልተከፈለም እጥፍ ይሆናል። ደብዳቤው የሚጻፈው ለባለመኪናው ነው፤ ካሜራው ታርጋውን እንጂ ሰውየውን አያውቀውምና፥ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ አይመዘገብበትም። የከተማይቱ አስተዳደር በ2015 ተነሥቶ፥ እስከ 2024 ድረስ በመንገድ ላይ የሚሞት ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በ2014 በመንገድ ላይ የሞቱት 26 ሲሆኑ በ2023 የሞቱት 52 ሆኑ። ካሜራው በዝቶ ሳለ ሙታኑ ስለምን በዙ?

በ2023 በመጋቢት ወር በሮክ ክሪክ መናፈሻ መንገድ በደረሰው አደጋ ከመልሱ አንዱ ክፍል ይገኛል። በፍጥነት የመጣ መኪና፥ በኪራይ ሰው ያመላልስ ከነበረ ሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ፥ ነጂውና ሁለት ተሳፋሪዎቹ ሦስቱም ሞቱ። በኋላ ሲመረመር፥ በፍጥነት በመጣው መኪና ታርጋ ላይ ከአርባ የሚበልጥ ያልተከፈለ መቀጫ ተገኘ። ካሜራው አርባ ጊዜ አይቶት ነበር፤ አርባ ጊዜም ደብዳቤ ተጽፎለት ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አልሆነም። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ከከተማይቱ ጋር ድንበር ለድንበር የተያያዙ ግዛቶች ሲሆኑ፥ የእነርሱን ታርጋ የለጠፈ ሰው የዋሽንግተንን መቀጫ ሳይከፍል ቢቀር የሚያስገድደው አልነበረም። ከተማይቱ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ፍርድ ቤት ለማቅረብ የሚያስችላትን ሕግ ያወጣችው በ2024 ነው። እንግዲህ ታክሲ ነጂው ወገናችን ፈቃዱ እንዳይያዝበት ፈርቶ መቶ ዶላሩን በጊዜው ሲከፍል፥ አደገኛው ሰው ደብዳቤውን ሳይከፍት ያልፍ ነበር። ወገኖቻችን የሚያሰሙት አቤቱታ እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «ለምን ታየሁ?» የሚለው ክፍል ግን እውነት የለውም።

ሌላው ሚዛኑ የተዛባ ነገር መቀጫው ለሀብታምና ለድኻ አንድ መሆኑ ነው። መቶ ዶላር ለአንዱ የምሳ ዋጋ ሲሆን ለሌላው የቤት ኪራይ ጉድለት ነው። ፊንላንዶች ለዚህ መላ ፈልገዋል፤ ብርቱ የፍጥነት ጥፋት ሲሆን መቀጫው በጥፋተኛው ገቢ ልክ ይቈጠራል። በ2023 በፊንላንድ ሥር በሚገኙት በኦላንድ ደሴቶች አንድ ባለጸጋ፥ 50 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ በ82 ሲነዳ ተገኝቶ 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል። ሰውየው ከመቶ ዶላር ደብዳቤ ይልቅ ይህን ሳያስታውሰው አይቀርም።

እኛ እንደሚመስለን ካሜራን ደግና ክፉ የሚያሰኘው በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ደጉ ካሜራ ሣጥኑ ከዓመት ዓመት የሚጎድልበት ነው። ከፊቱ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ፥ በትምህርት ቤት ደጃፍ ወይም እግረኛ በሚበዛበት ቦታ በግልጥ ተተክሎ፥ ነጂው አይቶት ቀስ ብሎ ካለፈ፥ ሥራው ተፈጽሟል፤ የሚቀጣው ሰው ባይኖርም አልከሰረም። ከቁልቁለት በታች፥ ከዛፍ ጀርባ ተሸሽጎ፥ ገቢው በከተማው በጀት ላይ አስቀድሞ ተቆጥሮ ከሆነ ግን፥ ያ ካሜራ ሰው ሁሉ በቀስታ ቢነዳ ባለቤቱን የሚያሳዝን ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ2014 ካሜራ መትከል የጀመረችው በትምህርት ቤቶች አካባቢ ነው፤ መቀጫውም 50 ዶላር ብቻ ነበር። በ2018 ሕጉ ሳይታደስ ቀርቶ ካሜራዎቹ በሐምሌ ወር ሲቆሙ፥ ልጆቻቸው በመኪና የሞቱባቸው እናቶችና አባቶች ፎቶግራፋቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመመለሳቸው በፊትም ሥራው እንዲቀጥል ተደረገ። በዚያች ከተማ ከሚቀጡት መኪናዎች የሚበዙት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ አይቀጡም። አንድ ደብዳቤ የሚበቃው ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፥ በብዙ ታክሲዎችና አውቶቡሶች የፊት መስታወት ላይ የቅዱሳን ሥዕል ተለጥፎ፥ መስቀልም ተንጠልጥሎ እናያለን፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ነጂ ሥዕሉን ከለጠፈ በኋላ ፍሬኑን ማስጠገን የተወ ይመስላል። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ የሚመለከት መሆኑን ቢያስተውል፥ ከማንኛውም ካሜራ በፊት አንድ ተመልካች እንዳለው ያውቅ ነበር። የቤተ ሰብ አባቶችም ልጆቻቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የፍጥነቱን መርፌ እንደሚያነቡ አይዘንጉ፤ የመንዳት የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው በዚያ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ፥ የመንገዱን ምልክትና ካርታውን አንብቦ፥ ነጂው ከተፈቀደው ፍጥነት ሲያልፍ በድምፅ ወይም በእግር መርገጫው ንዝረት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ታዟል። ይህ መሣሪያ ፎቶግራፍ አያነሣም፤ ለፖሊስ አይናገርም፤ መቀጫም አይጠይቅም። ነጂው ካልወደደው ሊያጠፋው ይችላል፤ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ባስነሣ ቁጥር ግን መሣሪያው ተመልሶ ይነቃል።