ደገኛ ጠላቂ፦ የስኩባ አደጋዎችና ጥንቃቄዎች
አዲስ አበባ ላይ ጠጥተን ክዳኑን ያጠበቅነው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አዋሽ ስንደርስ ጎኑ ተጨማዶ እናገኘዋለን። የቆላው አየር ግፊት ከደጋው ስለሚበልጥ ነው። ጠላቂ ዋናተኛም የሚታገለው ከዚሁ ግፊት ጋር ነው። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ሲወርድ፣ ላይ ሳለ የነበረበት ግፊት እጥፍ ይሆንበታል።

በአምቦ መንገድ የምናልፈው ገፈርሳ የመጠጥ ውኃ ግድብ እንጂ የጠላቂ መዝናኛ አይደለም፤ ለሒሳቡ ግን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እዚህ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 7.5 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ውኃ የሚጠልቅ ሰው ለከፍታ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ወይም የጠላቂ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሲወርዱ ቀድሞ የሚጎዳው ጆሮ ነው። አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ግፊቱን ያስተካክላል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ባይገባ ይሻላል። ከ30 ሜትር ወዲያ ደግሞ ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል።

የከፋው አደጋ ያለው ሲወጡ ነው። ብዙዎች «የኦክስጅን ጠርሙስ» የሚሉት ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የታመቀ ተራ አየር ነው። ትንፋሹን ይዞ ከ10 ሜትር የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር በባሕር 2 እጥፍ፣ በገፈርሳ ከፍታ 2.3 እጥፍ ገደማ ልስፋ ይላል። ሳንባ ሊቀደድ፣ አየሩም በደም ሥር አንጎል ሊደርስ ይችላል። በሰውነት የሟሟው ናይትሮጅን ደግሞ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የአምቦ ውኃ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ሳይንቲስቱ ጆን ስኮት ሃልዴን በፍየሎች ላይ ሞክሮ በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአወጣጥ ሠንጠረዥ ይህን ለመከላከል ነበር።

ጥንቃቄው ብዙ አይደለም፦ ትንፋሽን አለመያዝ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆየት፣ ብቻን አለመግባት። የታመመ ሰው ንጹሕ ኦክስጅን እየተሰጠው ግፊት ወዳለው የሕክምና ክፍል ይወሰዳል እንጂ ተመልሶ ውኃ ውስጥ አይገባም።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች የሚጠሩት ግን ለመዝናኛ አይደለም። ድንጋይ ወጥቶበት ክረምት የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ጭቃው የገዛ እጅን አያሳይም፤ ፍለጋው በዳበሳ ነው፤ ሕይወት የሚንጠለጠለው ዳር ላይ ባልደረባ በያዘው ገመድ ነው።

ጅቡቲ ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስም ሒሳብ አለበት። መመሪያው አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አይብረሩ ይላል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢሳሳ የ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ያህል ነው፤ አዲስ አበባም እዚያው ገደማ ናት። ለደገኛ ዳገቱም በረራ ነውና፣ በመኪናም በባቡርም ቢመለስ ሰዓቱን ጅቡቲ ላይ ይጨርስ።